«ተመስገን» ከማለትሽ በፊት፦ የአንዲት የጅማ ልብስ ሰፊ ጉዳይ

ይህን የምጽፈው አስፈቅጄ ነው። «ስሜን ብቻ ተዪልኝ። ሌላውን ጻፊው፤ እንደኔ ውስጧ እየነደደ የምትስቅ ብዙ ሴት አለች» አለችኝ። ስለዚህ ስሟን አልጠራም። ማንነቷን ሊያስለዩ የሚችሉ አንዳንድ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። የቀረውን ግን እንዳየሁትና ራሷ እንደነገረችኝ አስቀምጠዋለሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። ጅማ ውስጥ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የሰፈሩ ሰው «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራኝ። እሷን ግን ያወቅኳት በታካሚነት አይደለም። በአጥቢያችን የማርያም ጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ በ21 በየተራ ቤት እንገናኛለን። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር ጎልቶ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ናት። መዝሙርም የምታወጣው እሷ ነበረች።

48 ዓመቷ ነው። ጅማ ተወልዳ ጅማ አድጋለች። በጅማው መርካቶ አካባቢ ሁለት ሰው በቅጡ በማያስቀምጥ ሱቅ ውስጥ 22 ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታለች። ባለቤቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ቡና ጭኖ ጅማ አዲስ አበባ ይመላለሳል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ቡና በሚለቀምበትና በሚጫንበት ወቅት ቤቱን የሚያየው በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው። ሁለቱ ወንዶች አዲስ አበባ ሥራ ይዘዋል። የመጨረሻዋ ሴት ናት።

አራት ነገር በአንድ ዓመት

ሰኔ ላይ እናቷ ዐረፉ። ስትሮክ መትቷቸው 6 ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ። 6 ዓመት ሙሉ ያገላበጠቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ በማንኪያ ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። ኅዳር ላይ የመጨረሻ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የተመደበችው ሐረማያ ነው። «ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚህ አፍንጫችን ሥር ቁጭ ብሎ ልጄን ምሥራቅ ጫፍ ወሰዱብኝ» ትል ነበር። በዚያው ሰሞን የወር አበባዋ መጣ ቀረ ሲል ቆይቶ ጭራሽ ጠፋ። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል። አራተኛው ትንሽ ነገር ይመስላል። ዓይኗ የቅርቡን ማየት አቃተው።

አንድ በአንድ ካያችኋቸው አንዳቸውም ጉድ የሚያሰኙ አይደሉም። ችግሩም ይኼ ነው። እኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፤ ዕድር ይመጣል፤ ሦስት ቀን ከጎንህ የሚለይ የለም። ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን ሰው የሚመጣው «እንኳን ደስ አለሽ» ሊል ነው። እንኳን ደስ አለሽ በተባለችበት ነገር ማን ያለቅሳል? የእናቷም ሞት ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ «ተገላገሉ፤ አንቺም ዐረፍሽ» ነው ያላት። የወር አበባ መቅረት ደግሞ በጓዳም በደንብ አይወራም። «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እሷ አራቱንም ተሸክማ ለአንዱም ልቅሶ አልተቀመጠችም።

«እንዴት ነሽ?» ስትባል መልሷ አንድ ነበር። «ተመስገን።»

ታኅሣሥ ላይ የሥራ ጋወኔን ጠርዝ እንድታስተካክልልኝ ሱቋ ሄድኩ። ስገባ አላየችኝም። በግራ እጇ መርፌ ይዛለች፤ በቀኝ እጇ ሰማያዊ ክር። ክሩን በምራቋ አርጥባ በጣቷ ጫፍ አሾለችው። መርፌዋን ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋች። ክንዷ እስኪወጠር ራቅ አድርጋ ያዘች። ክሩ በመርፌዋ ዓይን ጎን አለፈ። እንደገና አርጥባ አሾለችው። እንደገና አለፈ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ብዙ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸውና ዝም ብላ ማየት ጀመረች።

«አምጪ እኔ ላስገባልሽ» ስላት ደነገጠች። ከዚያ ነገረችኝ። ለቁልፍና ለእጅ ስፌት የሚሆነውን መርፌ ጠዋት ጠዋት ክር እያስገባች የምትሰጣት ልጇ ነበረች። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ስድስት ሰባቱን አዘጋጅታ በትንሿ የመርፌ መሰኪያ ትራስ ላይ ሰክታላት ነው የምትወጣው። ሐረማያ የሄደች ቀን ሃያ መርፌ ክር አስገብታ ሰክታላት ሄደች። አሥራ ዘጠኙ አልቀዋል። አንዷ ቀርታለች።

«እሷን አልነካትም» አለችኝ።

እኔም ምን ብል ጥሩ ነው? «ታድለሽ! ልጆችሽ ደርሰውልሽ፣ እናትሽን ጦረሽ፣ ሥራ ይዘሽ። ተመስገን በይ እንጂ።» ይህን ያልኩት ከልቤ ነው። የማጽናናት መስሎኝ ነው። እሷም ቀና ብላ ፈገግ አለችና «ተመስገን» አለች። ጋወኔን ተቀበለችኝ። ወሬው በዚያው አለቀ። ዛሬ ያቺን ቃሌን ሳስብ ይቆጨኛል። ልትነግረኝ የከፈተችውን በር በራሷ ቃል ዘጋሁባት።

«ይበቃኛል»

ጥምቀት ላይ አልመጣችም። ይህ የሚገርም ነበር። ታቦት ሲወርድ ከፊት ሆና እልል የምትል ሴት ናት። የጥር 21 የማርያም በዓልም አመለጣት። የማኅበሩ እናቶች ተሰብስበው ሄደው ጠየቋት። አንዷ «ዓይነ ሰብ ነው፣ ጸበል ግቢ» አለቻት። ሌላዋ «ጸሎትሽን ጨምሪ» አለቻት። ጸበሉን ሄደች፤ መልካም አደረገች። ጸሎቱንም ጨመረች። እስከ 9 ሰዓት መጾም፣ ሌሊት ተነሥቶ መስገድ ጀመረች። እንቅልፍ የሌላት ሴት የነበራትንም ጥቂት እንቅልፍ ለስግደት ሰጠችው። ክብደቷ ቀነሰ። ስፌቷ ተንሻፈፈ። አንድ ደንበኛ ሸሚዝ መልሶባት ሱቁ በር ላይ ጮኸባት።

የካቲት ላይ ማታ ቤቷ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሻማ ለኩሳ ተቀምጣለች። ባለቤቷ መንገድ ላይ ነው። ሻይ አፈላችልኝ። ብዙ ዝም አልን። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ሲስተር፣ እግዚአብሔር አሁን በቃሽ ቢለኝ ደስ ይለኛል። ሁሉንም ጨርሻለሁ። የምፈለግበት ነገር የለም።»

እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ብዙ ሰው «ኧረ በስመ አብ! እንዲህ አይባልም» ይላል። እኔ ያን ማታ የሙያዬን አደረግኩ። በግልጽ ጠየቅኳት። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል?» አልኳት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። ጠይቆ ማወቅ ነው የሚሻለው። «አይ፣ እሱን አልደፍርም። ተኝቼ ባልነሣ ነው የምለው» አለች። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሌላ ነገር ከመጣባት በማንኛውም ሰዓት እንድትደውልልኝ ቃል አስገባኋት። በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ከዚያም በሪፈር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄዳ የአእምሮ ሐኪም አያት።

ያን ማታ ግን ሌላም ነገር ነገረችኝ። ይህን እንድጽፍ ሁለት ጊዜ አስፈቅጄያታለሁ።

እናቷ ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት ነው። ሌሊት ነው። አንሶላ ለሦስተኛ ጊዜ ቀይራለች። እናትየው ያቃስታሉ። እሷ ጓዳ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ «ጌታ ሆይ፣ በቃ ውሰዳት» አለች። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ለማንም አልተናገረችም። ለንስሐ አባቷም። በአርባው ቁማ «ተመስገን» አለች። በሰማንያውም «ተመስገን» አለች። ልጇ ስትሄድ በልቧ «ይኼ ቅጣቴ ነው» አለች። የወር አበባዋ ሲቀር «ደረቅኩ፣ ተረገምኩ» አለች። ዓይኗ ሲደክምም ያው። አራቱን ነገር በአንድ ክር የሰፋቻቸው ያቺ የጓዳ ጸሎት ነበረች።

የንስሐ አባቷ ያዘዟት ቀኖና

ዐቢይ ጾም ሲገባ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። የተባባሉትን እሷ የነገረችኝን ያህል ነው የምጽፈው።

ጨርሳ እስክትናገር አላቋረጧትም። ከዚያ «ልጄ፣ ያን ቃል ያልሽው ጠልተሻቸው ነው ወይስ ደክመሽ?» ብለው ጠየቋት። «ደክሜ ነው አባ፤ ደግሞ ስቃያቸውን ማየት አልቻልኩም» አለች። አረጋዊው ስምዖን ሕፃኑን ጌታ ታቅፎ «አሁን አሰናብተኝ» ማለቱን አስታወሷት። ሰው ከድካም እንዲያርፍ መለመን መግደል አይደለም አሏት። እናትሽን የወሰዳቸው ጸሎትሽ ሳይሆን ጊዜያቸው ነው አሏት። ከዚያ ፈትተው ባረኳት።

ቀኖናዋን ስትሰማ ግን ግራ ገባት። ስግደት ጨምሪ ይሉኛል ብላ ነበር። እሳቸው «መጀመሪያ ተኚ፣ ብዪም» አሏት። የኤልያስን ታሪክ ነገሯት። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ነው። ያ እሳት ያወረደ ነቢይ በረሃ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ለመነ። የመጣለት መልአክ አልገሠጸውም። ስብከትም አልሰበከለትም። የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በላ፤ ጠጣ፤ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ወደ ኮሬብ ተራራ ሄዶ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። «አንቺ እንጎቻውን ሳትበዪ ነው ኮሬብ ልውጣ የምትዪው» አሏት።

ይህ ቃል ለእኔም ትምህርት ሆኖኛል። ጾሙን እንዳትተው፣ ግን እንደ አቅሟ እንድትጾም አዘዟት። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ውሰጂ አሏት።

ሁለተኛው ትእዛዝ ዳዊት ነው። በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛው፣ እየገባት። የዳዊት መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ እንደሚጸለይ የምታውቁት ታውቃላችሁ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። ሙሉውን አይደለም ያዘዟት። ከየቀኑ ድርሻ የቻለችውን ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ይህ ነው። «ማታ ማታ ተመስገን ከማለትሽ በፊት የሆነውን ንገሪው። የከፋሽን ነገር በስሙ ጥሪው። ከዚያ ተመስገን በይ። ያልነገርሽውን ነገር ተመስገን ብትዪበት መክደኛ ነው የሚሆነው።»

እኔ የዚህን ሴት ጉዳይ እንድጽፍ ያስነሣኝ ይህ አባባል ነው። «ተመስገን» ከእናቶቻችን የወረስነው ትልቅ ቃል ነው። በመከራ መካከል ማመስገን የእምነት ጫፍ ነው። ግን ስንቶቻችን ነን ቃሉን እንደ በር መዝጊያ የምንጠቀምበት? ስንቶቻችን ነን የሌላውን እንባ ላለማየት «ተመስገን በይ» የምንለው? እኔ ብያለሁ። ማኅበራችንም ብሏል።

ረቡዕ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልተሰማትም። «አነባለሁ፣ ከንፈሬ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው» ትለኝ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ረቡዕ ቀን ሱቋ ውስጥ ሆና ስታነብ 70ኛው መዝሙር ላይ ደረሰች። በሌላው፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 71ኛው ነው። «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፤ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» ይላል።

ሱቁን ዘጋችው። ቀን ነው፤ ገበያ ነው። መዝጊያውን ከውስጥ ስባ ማሽኗ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለእናቷ ልቅሶ ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። «ይኼ ሰውዬ እኔ የምለውን ብሎት! ያውም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ!» አለችኝ በስልክ። ድምፇ የሕፃን ነበር።

ሐሙስ ደግሞ 87ኛው መዝሙር አለ፤ በሌላው አቆጣጠር 88ኛው። ያ መዝሙር ከሌሎቹ ይለያል። ሌሎቹ የኀዘን መዝሙሮች አብዛኞቹ በለቅሶ ጀምረው በምስጋና ያልቃሉ። ይኼኛው አያልቅም። ወዳጅና ዘመድ ስለ መራቁ፣ ስለ ጨለማ እየተናገረ እዚያው ላይ ያቆማል። «ተመስገን» የሌለበት ጸሎት ነው። ቤተ ክርስቲያንም አላወጣችውም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይጸለያል። ይህን ስነግራት «እንዲህም ይቻላል እንዴ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ መናገር ጀመረች። ጮክ ብላ ነው የምትናገረው፤ ቤቱ ባዶ ነዋ። «ዛሬ ልጄ ስልክ ሳታነሣ ቀረች፣ ከፋኝ።» «ዛሬ የእናቴን ነጠላ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፤ ሽታዋ አለበት።» «ዛሬ የልጆቼ አባት እራቱን በልቶ ሳያዋራኝ ተኛ።» ከዚያ «ተመስገን» ትላለች። አንዳንድ ማታ «ተመስገን» ሳትል እንቅልፍ ይወስዳታል። ይህን ለንስሐ አባቷ ስትነግራቸው «እሱ ይጨርስልሻል» አሏት።

ሥጋውም የራሱ ነገር አለው

የሥጋውን ነገር ሳልጽፍ ብቀር ነርስነቴን ከዳሁ ማለት ነው። የወር አበባ መቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። 12 ወር በተከታታይ ሳይመጣ ሲቀር ተቋርጧል እንላለን። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ አንጎል የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠርበት ሥርዓት ይረበሻል። ድንገት ከደረት ወደ ፊት የሚወጣው ሙቀት፣ የሌሊቱ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ከዚህ ይመጣል። እንቅልፍ ይቆራረጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ኀዘኑ እጥፍ ይሆንበታል። እርግማን አይደለም። ይህን ቁጭ ብዬ ሳስረዳት «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ማኅበር ላይ ሃያ ሴት እንሰበሰባለን፤ ግማሾቻችን በዚህ ዕድሜ ላይ ነን። አንድ ቀን እንኳ አንሥተነው አናውቅም ነበር።

ደሟን መረመርን። ደም ማነስ ነበረባት፤ ታከመች። ሐኪሙ ለጥቂት ወራት የሚወሰድ መድኃኒት አዘዘላት። የማታውን ቡና እንድትተው ነገርኳት። ጅማ ላይ ይህ ከባድ ምክር ነው። ቡና እዚህ መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚገናኝበት ነው። ስለዚህ የጠዋቱን አቦልና ቶና ሳትነካ ተወችና የማታውን ስኒ በሻይ ቅጠል በሌለው ዝንጅብል ቀየረችው። የቡናው ሥነ ሥርዓት ግን እንዳለ ቀጠለ።

መነጽሩ ሌላ ታሪክ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ሲሄድ የቅርቡን ማየት ያስቸግራል። ማንም አይቀርለትም። የማንበቢያ መነጽር በቀላሉ ይፈታዋል። እሷ ግን አልገዛም አለች። ለምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም። ገንዘብ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ራሷ ነገረችኝ። «መነጽር ካደረግኩ የልጄ እጅ አያስፈልገኝም ማለት ነው።» ዝም አልኩ። በዚህ ጊዜ «ተመስገን በይ» አላልኳትም።

በርጩማዋ ላይ የተቀመጡት እናት

አንድ ሰው አለ ሳይወሳ የማይታለፍ። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቷ። እስላም ናቸው፤ ከ70 ዓመት በላይ የሚሆናቸው እናት። እሷ «እማማ» ነው የምትላቸው። እኛ የማኅበሩ ሴቶች ለመምከር ስንመላለስ እሳቸው አንድም ምክር አልሰጧትም። አሥር ሰዓት አካባቢ በጓሮ በር ይመጣሉ። በነጠላቸው ጥግ የተጠቀለለ ትኩስ ቂጣ ይዘዋል። ያቺን ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ራሳቸው ስበው ይቀመጣሉ። «ብዪ» ይላሉ። እስክትበላ ያያሉ። ስታለቅስ አያስቆሟትም። እጇን ይዘው «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ብቻ ነው የሚሉት። ሰላታቸው ሲደርስ ተነሥተው ይሄዳሉ።

የኤልያስን ታሪክ ከሰማች በኋላ አንድ ቀን «ሲስተር፣ እንጎቻውን እኮ እማማ ናቸው ያመጡልኝ» አለችኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም። ጅማ ላይ ያደገ ሰው ይህ ይገባዋል። እምነቷ በዚህ አልቀለለም። እንዲያውም ጌታ እንዳልረሳት ያወቀችው በእሳቸው እጅ ነው።

ግንቦት 21 ማኅበሩ የእኔ ተራ ነበር። ምንባብ ሲደርስ መጽሐፈ ሩትን ከመጀመሪያው ምዕራፍ አነበብኩ። ኑኃሚን ባሏንና ልጆቿን ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ ሴቶቹ «ይህች ኑኃሚን ናትን?» ይላሉ። እሷም ኑኃሚን አትበሉኝ፣ ማራ በሉኝ አለች፤ ሞልቼ ሄጄ ባዶዬን መለሰኝ አለች። የቤተ ልሔም ሴቶች «እንዲህ አይባልም» ያሏት ቃል በዚያ ምዕራፍ የለም። አንብቤ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይታ አንዲት የ52 ዓመት እናት «እኔም ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ያን ቀን እስኪመሽ ተቀመጥን። ጠላው ተረስቶ ነበር።

ፍልሰታ

ነሐሴ መጣ። ጅማ ላይ የነሐሴ ዝናብ ሲጥል የአዌቱ ወንዝ ደፍርሶ ይሞላል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ልብስ ሰፊ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ወር የሚጨናነቅበት የለውም። ዩኒፎርም ነው። በየዓመቱ ፍልሰታን እሷ የምታሳልፈው በማሽኗ ላይ ተጎንብሳ ነበር። «በሥራም፣ በወር አበባም እየተከለከልኩ አሥራ ስድስቱን ቀን ሙሉ አስቀድሼ አላውቅም» አለችኝ። «አሁን የሚከለክለኝ የለም። ለካ ይኼም አለው!» ያን «ደረቅኩ» ያለችበትን ነገር ያን ቀን በሌላ ፊቱ አየችው።

ሥራው እንዳይበደል አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ቀጠረች። 10ኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ናት። ደመወዝም ትከፍላታለች፣ ሙያም ታስተምራታለች። ጠዋት ልጅቷን አስተምራ፣ ሥራ ሰጥታ፣ ቀትር ላይ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ቅዳሴ ትወጣለች። ከነሐሴ 1 እስከ 16 አንድ ቀን አልቀረችም። ልጇም ለእረፍት መጥታ ስለነበር አንዳንድ ቀን ሁለቱ አብረው ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሄዱ አያቸው ነበር።

መነጽሩን የገዛችላት ያቺው ልጇ ናት። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አብረው ሄደው ገዙ። መጀመሪያ ያነበበችበት ዳዊቷን ነው። «ፊደሉ እንዲህ ጥቁር ነው እንዴ!» አለች አሉ።

ያልተፈታው

ባለቤቷ መልካም ሰው ነው። ግን ዝምተኛ ነው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጭነት ባይኖርም መንገድ መውጣት ያበዛ ነበር። ሌላ ነገር ጠርጥራ ነበር። አንድ ማታ «ቤቱ ዝም ሲል ያስፈራኛል፤ እናትሽም የሉ፣ ልጅቷም የለች» አላት። 27 ዓመት አብረው ሲኖሩ «ያስፈራኛል» የሚል ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። እሱም እንደ እሷ «ተመስገን» ሲል ነበር የኖረው።

የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ በቁርባን አይደለም። እንደ ብዙዎቻችን ሁሉ ሥጋ ወደሙን የተቀበሉት በልጅነታቸው ነው፤ ከዚያ «ስናረጅ» ብለው ተዉት። አሁን እሷ አብረን ንስሐ ገብተን እንቁረብ ትለዋለች። የቀረውን ዕድሜያቸውን በዚያ መጀመር ትፈልጋለች። እሱ እሺም እምቢም አላለም። ጥቅምት ላይ አንድ ማታ ከመንገድ ሲመለስ፣ መኪናዋን ከነአቧራዋ አቁሞ ብቻውን ወደ ንስሐ አባታቸው ቤት ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልነገራትም። ስትጠይቀው «ቡናው ይለቅና እናወራለን» አላት። እየጠበቀች ነው።

ደኅና ነች ማለት እችላለሁ። መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ አቁማለች። ይተኛላታል። ሙቀቱ አሁንም ይመጣል፤ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር። ሰኔ ላይ የእናቷ ሙት ዓመት ሲደርስ አንድ ሳምንት ሙሉ ወደቀች፤ ዳዊቱንም አልከፈተችም። ማኅበር ላይ መዝሙር ማውጣት ጀምራለች፤ ድምፇ ግን እንደ ድሮው አይጮኽም። ዝግ ብላ ነው የምታወጣው።

ባለፈው ረቡዕ ሱቋ ጎራ አልኩ። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቁልፍ ትተክላለች። የቀጠረቻት ልጅ ማሽኑ ላይ ናት። «እንዴት ነሽ?» አልኳት። ቁልፉን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ጉልበቴን ያመኛል፤ ልጄም ፈተና ላይ ናት፣ ጨንቆኛል» አለች። «ተመስገን።»

የመርፌ መሰኪያው ትራስ ጠረጴዛው ዳር ላይ ነበር። ሰማያዊ ክር ያለባት ያቺ መርፌ አሁንም እዚያው ተሰክታለች።